ምንትዋብ፦ የስሙ ምንጭ፣ ትርጉሙ፣ ብርቅነቱና አጻጻፉ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። በቅርቡ ሴት ልጅ እንጠብቃለን። የባለቤቴ ቅድመ አያት ምንትዋብ ይባሉ ነበርና ስማቸውን ለልጃችን ልናወርሳት አስበናል። ኢንተርኔት ላይ አንዱ ግዕዝ ነው ይላል፣ ሌላው ንግሥት ማለት ነው ይላል፣ ሦስተኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ያደርገዋል። ትክክሉ የቱ ነው? ስሙስ ምን ያህል ብርቅ ነው? በእንግሊዝኛ እንዴት ብንጽፈው ይሻላል?»

ሦስቱም ትክክል አይደሉም። ምንትዋብ አማርኛ ነው። ያውም አንድ ቃል ሳይሆን ተገጣጥሞ የተጻፈ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ምን ትዋብ!»። አንዲትን ሴት አይቶ «ምን ታምር!» እንደ ማለት ያለ አድናቆት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በዚህ ስም የተጠራ ሰው የለም። ንግሥትነቱም ከትርጉሙ የመጣ ሳይሆን ስሙን ታዋቂ ካደረጉት ሰው የተወረሰ ስሜት ነው።

የግዕዙ ግምት ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። በግዕዝ «ምንት» ማለት «ምን» ማለት ስለሆነ፣ ስሙን «ምንት» እና «ዋብ» ብሎ የሚከፍል ሰው ግዕዝ ያገኘ ይመስለዋል። ችግሩ የሚመጣው የቀረው ግማሽ ላይ ነው፤ «ዋብ» ብቻውን ምን ሊሆን ነው? ግዕዝ ውበትን ሲናገር አዘውትሮ የሚጠራቸው ቃላት ላሕይ፣ ሥን፣ ሠናይ የመሳሰሉት ናቸው። ክፍፍሉን አንድ ፊደል ወደ ግራ ስንገፋው ግን ሁሉም ቦታውን ይይዛል፦ «ምን» እና «ትዋብ»። «ት» የጥያቄው ቃል ጅራት ሳትሆን የግሱ መነሻ ናት፤ ባለቤቷ ሴት መሆኗን የምታሳይ።

ይህን የሚያጠናክር ሌላም ማስረጃ አለ። በ«ምን» የሚጀምሩ ብዙ የአማርኛ ስሞች በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው፦ ምንተስኖት፣ ምንይችል፣ ምንአለ፣ ምንይሻው፣ ምንያህል። ሁሉም «ምን» ካለ በኋላ ቀጥሎ አማርኛ ይናገራል። ልዩነቱ አብዛኞቹ መልስ የማይጠበቅባቸው ጥያቄዎች ሲሆኑ ምንትዋብ ግን አድናቆት መሆኑ ነው።

አሁን ግሱን ጠጋ ብለን እንየው። መነሻው «ተዋበ» ነው። በዚህ ቤት የሚገቡ ግሶች ሲረቡ መነሻቸው ላይ ያለችው «ተ» ትዋጥና የሚቀጥለውን ፊደል ታጠብቀዋለች። «ተማረ» ብለን «ትማር» ስንል «ማ» የሚጠብቀው ለዚህ ነው። «ተሳለ» ብለን «ትሳል» ስንልም «ሳ» ይጠብቃል። «ተዋበ» ብለን «ትዋብ» ስንል ደግሞ «ዋ» ይጠብቃል። ስለዚህ የስሙ ትክክለኛ ንባብ «ዋ»ን አጥብቆ ነው። አላልቶ «ምንት-ዋብ» ብሎ በሁለት ምት የሚጠራው ብዙ ነው፤ የፈጣን ንግግር ልማድ ነውና አያስወቅስም። ቅድመ አያቲቱን በሕይወት ሳሉ የሚያውቁ ሽማግሌ ካሉ ግን ስሙን ሲጠሩ አድምጡ፤ የምታወርሱት ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ነው።

የግሱ ቅርጽ ሌላም ነገር ያጠራልናል። ብዙ የስም ዝርዝሮች «አንቺ እንዴት ውብ ነሽ» ብለው ይፈቱታል። ይህ በመደብ የተሳሳተ ነው። ለሁለተኛ መደብ ሴት ቢሆን ኖሮ «ምን ትዋቢ» ይሆን ነበር። ስሙ ልጅቱን አያናግራትም፤ ስለ እሷ ለሌላ ሰው ይናገራል። አራስ ቤት የገባ ሰው ሕፃኗን አይቶ ዘወር ብሎ ለእናቷ የሚለው ነው። በዚሁ ምክንያት ስሙ ለወንድ አይሆንም፤ ለወንድ «ምንይዋብ» መባል ነበረበት።

የስሙ ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ ተዋበች፣ ውቢት፣ ውብነሽ፣ ውባለም፣ ውብሸት፣ ውቤ። ከእነዚህ በታሪክ የታወቁት የራስ አሊ ልጅ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት ተዋበች ናቸው። ቴዎድሮስ የቋራ ሰው ነበሩ፤ ከታች እንደምናየው እቴጌ ምንትዋብም የቋራ ናቸው፤ አንዱ አገር በመቶ ዓመት ልዩነት ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ስሞችን ወደ ቤተ መንግሥት ማስገባቱ ደስ የሚል ግጥምጥም ነው። «ዋቢ» ግን ዘመድ አይደለም። ምስክር፣ ዋስ፣ መረጃ ማለት ነውና ከውበት ጋር አይገናኝም፤ ምንትዋብን «ምን ዋቢ» ብሎ የሚፈታ ካጋጠማችሁ እለፉት።

ስሙን ያነገሡት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1706 ገደማ ሲሆን አገራቸው ቋራ ነው። ዐፄ በካፋን ያገቡት በ1722 ነው። በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበሩ እቴጌዋ ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር አገሪቱን አስተዳደሩ። ኢያሱ በ1755 ሲሞቱ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሡ፤ እሳቸውንም በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደሏቸው። ከዚያ ወዲያ እቴጌዋ ከቤተ መንግሥቱ ፖለቲካ ርቀው በጎንደር አፋፍ ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ኖረው በ1773 ዐረፉ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ያገኛቸው እዚያው ቁስቋም ነው። መልካቸውን ማየት ለምትፈልጉ በጣና ደቅ ደሴት ባለው በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ተስለዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

ለስም ጥናት ዋናው ነገር ግን አንዲቱ ሴት ስንት ስም እንደነበራቸው ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው። የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነው። ምንትዋብ ሰው የሚጠራቸው የዓለም ስማቸው ነው። እቴጌ ደግሞ ስም ሳይሆን ማዕረግ ነው። ስለ እሳቸው ስታነቡ አንዱ ጸሐፊ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ስለሚጠራቸው የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ፤ ሁሉም አንድ ናቸው። ይህ የዓለም ስም መሆኑ ከታች ለክርስትናው ጉዳይ ስለሚያስፈልገን ያዙልኝ።

ስሙ በዘመኑ ብቸኛ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ አሠራሩ የተለመደ ነበር። የእቴጌዋ ልጅ ወይዘሮ አልጣሽ ይባሉ ነበር፤ «አልጣሽ» ማለትም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ «እንዳላጣሽ» የሚል ምኞት። የጎንደርና የጎጃም ሴቶች ስም በዚህ የተሞላ ነው፤ አትጠገብ፣ ይመኙሻል፣ ጥሩነሽ። ስም መጠሪያ ብቻ ሳይሆን በዕለቱ የተነገረ ነገር ነበር። ስለዚህ ምንትዋብ የሚለው ስም በሌላ መንደርም ከእቴጌዋ ጋር ሳይገናኝ ራሱን ችሎ ሊወለድ ይችላል። የባለቤትዎ ቅድመ አያት በእቴጌዋ ተሰይመው ይሆናል፤ አያታቸው ወይም አዋላጇ ሕፃኗን አይታ የተናገረችው ቀርቶባቸውም ይሆናል። «ቤተሰባችን ከእቴጌዋ ይወለዳል» የሚለውን በስም ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የትውልድ ሐረግ በአባት ስም ተቆጥሮ ቋራ ወይም ደምቢያ መድረስ አለበት።

ሁለት የታሪክ ስሕተቶች ደግሞ በስም ዝርዝሮች ላይ ደጋግመው ስለሚወጡ ላንሣቸው። እቴጌ ምንትዋብ የታላቁ ኢያሱ እናት አይደሉም። ታላቁ ኢያሱ (ቀዳማዊ) የበካፋ አባት ናቸውና አማታቸው ቢሆኑ ነው፤ የእሳቸው ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ ናቸው። ጎንደርንም የመሠረቱት ዐፄ ፋሲለደስ እንጂ እሳቸው አይደሉም። በፋሲል ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ሕንፃ አለ፤ ቁስቋምም በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ ቅርስ አንዱ ክፍል ነው።

ወደ ብርቅነቱ እንምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ልጅ በዚህ ስም ተጠራ» የሚል ዝርዝር በየዓመቱ አይታተምም። የልደት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ግዴታ የሆነውም በቅርቡ ነው። ስለዚህ «ምንትዋብ በኢትዮጵያ 347ኛ ስም ነው» ዓይነት ቁጥር የሚሰጥ ድረ ገጽ ካያችሁ ከየት አመጣው ብላችሁ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማኅበራዊ ሚዲያ አካውንቶች የተቆጠረ ግምት ነው። በዚያ ቆጠራ የገጠር አሮጊት የለችም፣ በላቲን ፊደል በአምስት መንገድ የተጻፈው ስምም እንደ አምስት ስም ይቆጠራል።

ያለ ቁጥርም ቢሆን ብርቅ መሆኑ አያጠራጥርም። ለምን ብርቅ ሆነ ለሚለው ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛው፣ የቅዱስ ስም ስላልሆነ በዓሉ በመጣ ቁጥር የሚያድሰው የለም፤ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ ሚካኤል የገባባቸው ስሞች ግን በየወሩ ይታወሳሉ። ሁለተኛው፣ የዓረፍተ ነገር ስሞች በአጠቃላይ ከፋሽን ወጥተዋል። የሴት ስም መጀመሪያ ወደ አልማዝ፣ ብርቱካን፣ ከዚያ ወደ ሰላማዊትና ትዕግሥት፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ናርዶስ ሄዷል። በመጨረሻዎቹ ዘንድ የሚፈለገው ለስላሳ ድምፅና ብዙ ጊዜም በ«ና» መጨረስ ነው፤ «ዋብ» ብሎ በዝግ ድምፅ የሚያልቅ ስም ከዚህ ጋር አይሄድም። ሦስተኛው ምክንያት ራሷ ባለ ታሪኳ ናት ብዬ አምናለሁ፤ ስሙ በአንድ ሰው ላይ በጣም ስለተለጠፈ ብዙ ወላጅ ለተራ ልጅ ማውጣት ከበደው። ጣይቱም ቢሆን የዚህ ዓይነት ክብደት አለባት። ለእናንተ ይህ እንቅፋት አይደለም፤ ስሙ ከቤታችሁ የወጣ ነውና።

አሜሪካ ውስጥ ግን ትክክለኛ ቁጥር መፈተሽ ይቻላል፤ እንዴት እንደሚነበብ ማወቅ ብቻ ያስፈልጋል። የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ከ1880 ጀምሮ የተወለዱ ልጆችን ስም በየዓመቱ ያወጣል። ታዋቂዎቹን 1000 ስም ብቻ የሚያሳየውን ገጽ ተዉትና በዓመት በዓመት የተከፋፈለውን ሙሉ ፋይል አውርዱ። እዚያ የሚገባው በዚያ ዓመት ቢያንስ ለ5 ልጆች የወጣ ስም ነው። ስለዚህ ምንትዋብን ፈልጋችሁ ብታጡት «ማንም የለም» ማለት ሳይሆን «ከ5 በታች ነው» ማለት ነው። ቁጥሩ እያንዳንዱን የፊደል አጻጻፍ ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። በአንድ ዓመት 4 ልጆች በአንድ አጻጻፍ፣ 3 በሌላ፣ 2 በሦስተኛ ቢመዘገቡ ዘጠኝ ምንትዋቦች ቢኖሩም ዝርዝሩ ላይ አንዳቸውም አይታዩም። የኢትዮጵያ ስሞች በሙሉ ከሚገባቸው በላይ ብርቅ መስለው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም የሚቆጠረው አሜሪካ የተወለደ ልጅ ብቻ ነው፤ በቪዛ የገቡት የሉበትም። ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ አትቁሙ፤ ከታች ያሉትን በሙሉ ሞክሩ። እንግሊዝና ዌልስ ያለ ዘመድ ካላችሁ የዚያ አገር ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ3 ልጅ ጀምሮ ያወጣልና ትንሽ ጠለቅ ይላል።

አጻጻፉ ላይ ሰፋ አድርገን ብንቆይ ይሻላል፤ ኋላ ገንዘብና ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። መጀመሪያ አማርኛውን እናስተካክል። «ምንትዋብ» ብላችሁ ጻፉ፤ «ት»ን በሳድስ። «ምንተዋብ» ብለው በግዕዙ «ተ» የሚጽፉ አሉ፤ እንዲያ ሲሆን ግሱ ይፈርሳል፣ ትርጉሙም ይጠፋል። ለሁለት ከፍላችሁ «ምን ትዋብ» ብላችሁም አትጻፉ፤ ቅጽ ላይ ሁለተኛው ግማሽ የአባት ስም ቦታ ይገባል።

በላቲን ፊደል ዋናው ችግር ሳድሱ ነው። በ«ም» እና በ«ት» ላይ ያለው ድምፅ እንግሊዝኛ ውስጥ የራሱ ፊደል የለውም፤ አንዱ በኢ (E)፣ ሌላው በአይ (I) ይጽፈዋል፣ ሌላው ጭራሽ ይተወዋል። አማራጮቹን በፊደላቱ ስም ልዘርዝራቸው። ኤም-ኢ-ኤን-ቲ-ኢ-ደብልዩ-ኤ-ቢ በታሪክ መጻሕፍትና ስለ ጎንደር በተጻፉ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች በብዛት የሚገኘው ነው። ልጅቱ አድጋ ስሟን ስትፈልግ እቴጌዋን ታገኛለች። ጉዳቱ እንግሊዝኛ አንባቢ መጀመሪያውን «ሜን» ብሎ መክፈቱ ነው። ኤም-አይ-ኤን-ቲ-አይ-ደብልዩ-ኤ-ቢ ለጆሮ ይበልጥ ይቀርባል፤ አስተማሪዋ በመጀመሪያው ቀን «ሚንቲዋብ» ትላለች፣ ይህም መጥፎ አይደለም። መካከለኛውን አይ ያስወጣው ባለ ሰባት ፊደል አጻጻፍ አጭር ነው፤ ግን «ሚንት» የሚለው የናና ቅጠል ስም ከፊት ተገትሮ ይታያል። በደብልዩ ፈንታ ዩ የሚያስገባውን ግን ተዉት፤ «ሜንቱአብ» ወይም «ሜንቹአብ» ተብሎ ይነበባል። «ዋ» እንደሚጠብቅ ለማሳየት ደብልዩን ሁለት ጊዜ መጻፍም ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ በተግባር ግን አይሠራም፤ ጸሐፊዎች የፊደል ስሕተት መስሏቸው አንዱን ያጠፉታል፣ ከዚያ ሁለት ሰነድ ሁለት ስም ይይዛል።

ለእናንተ የመጀመሪያውን፣ የታሪኩን አጻጻፍ እመርጥላችኋለሁ። የትኛውም አጻጻፍ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ስለማይሰጥ፣ ቢያንስ ልጅቱን ከመጻሕፍቱ ጋር የሚያገናኛት ይሻላል። አንድ ሁኔታ ብቻ ይህን ይለውጣል፦ ከዘመዶቻችሁ አንዱ በዚህ ስም ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ካለው የእሱን አጻጻፍ ተከተሉ፤ ወደፊት ዝምድና በሰነድ ሲጠየቅ ይጠቅማል።

አገር የምትለውጡ ከሆነ ስሙ በሌላ ቋንቋ ምን እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። ጀርመንኛና ስዊድንኛ ደብልዩን «ቭ» ብለው ያነባሉ፤ ጀርመን ላይ ደግሞ የመጨረሻው «ብ» ወደ «ፕ» ይጠጋልና «ሜንቴቫፕ» ይሰማል። እስራኤል ውስጥ «ው» ቫቭ በሚባለው ፊደል ሲጻፍ አንባቢው «ቭ» ሊለው ይችላል፤ ሁለት ቫቭ ማድረግ የተለመደው መፍትሔ ነው። የቃል መጨረሻ ላይ ያለ «ቤት» የሚባለው ፊደልም (የእኛ «ብ») በዕብራይስጥ ልማድ «ቭ» ስለሚባል ሰነድ ላይ በነቁጥ ካልተጻፈ በቃል ማስረዳት ይፈልጋል። ዓረብኛ ከሁሉም ይስማማዋል፤ ሚም፣ ኑን፣ ታ፣ ዋው፣ አሊፍ፣ ባ ብሎ በቀጥታ ይወጣል። ሆኖም ከ«ታ» ጀምሮ ያለው ክፍል «ተዋብ»፣ ማለትም «ንስሐን ተቀባይ» ከሚለው ከአላህ ስሞች አንዱ ከሆነው ቃል ጋር በፊደል ይመሳሰላል፤ ባሕረ ሰላጤ አገር የሚኖር ዘመድ «ሚን ተዋብ» ብሎ ቢያነብ አይግረማችሁ። ክፉ ትርጉም የለውም።

ሆስፒታል ውስጥ የሚሞላው የልደት ቅጽ ላይ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ የመረጣችሁትን አጻጻፍ በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከምጥ በኋላ በድካም በቃል የተነገረ ስም ነው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው፤ በዚያው ቅጽ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠየቅ ስለሆነ ስሕተቱ ወዲያው ሁለት መሥሪያ ቤት ይገባል። ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት። ሁለተኛ፣ ጭረት፣ ነቁጥ፣ ክፍተት አታስገቡ። ሦስተኛ፣ የአባት ስም አሰጣጡን ቀድማችሁ ወስኑ። የአባቷን ስም በመካከለኛ ስም ቦታ፣ የአያቷን በቤተሰብ ስም ቦታ ብታስገቡ የአገራችን ቅደም ተከተል አይበላሽም፤ አባትየውም በአሜሪካ ሰነዱ ላይ የመጨረሻ ስሙ የአባቱ ከሆነ ከልጁ ጋር ይገጥማል። የአባትየውን የመጀመሪያ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ማስገባት ሕግ አይጥስም፣ ግን አባትና ልጅ የተለያየ የቤተሰብ ስም ስለሚይዙ ትምህርት ቤትና አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥያቄ ይበዛል።

ኋላ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ለማውጣት ስትጠይቁም ስሙ ከአሜሪካ ፓስፖርቷ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ የአማርኛውን አጻጻፍ ግን እናንተ ናችሁ የምትነግሯቸው፣ «ት» በሳድስ መሆኑን እዚያም አስታውሱ።

የቁልምጫ ስም ጉዳይ ተራ ነገር ይመስላል፤ ይሁንና አማርኛ በሚናገሩ ልጆች መካከል የምታድግ ከሆነ አስቡበት። «ምንት» ብሎ ማሳጠር ወዲያው ወደ «ምንትስ» ይወስዳል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ይህን ለማግኘት ሁለት ቀን አይፈጅበትም። «ምንቴ» የሚለውም ከዚያው አይርቅም። ከፊት ሳይሆን ከመጨረሻው ግማሽ ብትወስዱ ይሻላል፤ «ውቢት»፣ «ውቤ»፣ «ዋብዬ» ያምራሉ፣ ትርጉሙንም አይለቁም። ቤት ውስጥ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አንዱን መርጣችሁ ብትይዙ ሌላው ቦታ አያገኝም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጓደኞቿ «ሚንቲ» ቢሏት ደግሞ ተዉአቸው፤ የሚያስከፋ ነገር የለበትም።

የቀረው ክርስትናው ነው። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በዚያን ዕለት የሚወጣው ስም ምንትዋብ ሊሆን አይችልም፣ ምክንያቱም ከላይ እንዳልኩት የዓለም ስም ነው። ካህኑ በዕለቱ ወይም በአጥቢያው በሚታሰበው ቅዱስ ስም ወለተ፣ አመተ ወይም እኅተ ብለው ያወጡላታል። አንዳንድ ወላጆች ካህኑ ስሙን «የከለከሉ» መስሏቸው ይከፋሉ፤ ማንም የከለከለ የለም፣ ሁለቱ ስሞች ሁለት ቦታ ናቸው። ስሙን ያነገሡትን እቴጌ መከተል ከፈለጋችሁ «ወለተ ጊዮርጊስ ብትባል» ብላችሁ ቀድማችሁ ለካህኑ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጥምቀቱ ከጊዮርጊስ በዓል ጋር ቢገጥም፣ ማለትም ወር በገባ በ23 ቢሆን፣ ይበልጥ ይቀላል። ቁስቋም የምታከብሩ ከሆነ ደግሞ በዓሉ ኅዳር 6 ነው።

የክርስትና ስሙን በአሜሪካ ሰነድ ላይ ማስገባት አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ይይዘዋል። የግድ በመካከለኛ ስም ቦታ ይግባ ካላችሁ ግን ወለተ ጊዮርጊስን ያለ ክፍተት አያይዛችሁ ጻፉ፤ ካልሆነ «ወለተ» ብቻዋን መካከለኛ ስም ትሆንና ጊዮርጊስ ወደ ቤተሰብ ስም ይገፋል። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ በመጀመሪያው መስመር ለመጀመሪያና ለመካከለኛ ስም የሚይዘው 26 ፊደል ነው። ምንትዋብ 8፣ ክፍተቱ 1፣ ወለተጊዮርጊስ 14 ሲሆን ድምሩ 23 ነውና ይበቃል። የአባቷን ስም በዚያው መስመር ልጨምር ካላችሁ ግን አይገባም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለባችሁ።